መጠገኛው አብሮ ይመጣ ነበር

አንዳንዱ ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ የድሮ ገንዘብ፤ አንዳንዱ ደግሞ (ስም አንጥራ እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን) ቂም ይሰበስባል። እኔን ከሰብሳቢዎች ሁሉ የሚገርሙኝ ግን የድሮ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያና መፈተሻ መሣሪያ የሚሰበስቡት ናቸው። ልብ በሉልኝ፣ ራዲዮ አላልኩም። ሸክላ ማጫወቻም አላልኩም። እነዚያስ ቢያንስ ይዘፍናሉ። እነዚህ ሰዎች የሚሰበስቡት ራዲዮው ሲታመም ምን እንደነካው የሚመረምረውን ዕቃ ነው፤ ኦሲሎስኮፑን፣ የቮልት መለኪያውን፣ የሲግናል ማመንጫውን፣ የፍሪኩዌንሲ መቁጠሪያውን። ታማሚው ቀርቶ የሐኪሙን ማዳመጫ እንደ መሰብሰብ ያለ ነገር ነው።

አብዛኞቹ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጀርመን ይኖራሉ። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና አይገባም፤ ቦታው ተይዟል። እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ ዕቃዎቹን «የጀልባ መልህቅ» ይሏቸዋል፤ ከክብደታቸው በቀር ሌላ ጥቅም የላቸውም ለማለት ነው። ቀልዱ እውነት አለበት። ከትልልቆቹ ኦሲሎስኮፖች አንዱ ብቻውን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲበራም ወደ 500 ዋት ይበላል። በክረምት እግር ያሞቃል የሚሉት አልዋሹም።

እነዚህን ሰዎች ከሩቅ ሆኜ ለዓመታት ስከታተላቸው ኖሬያለሁ። የጻፉትን አነባለሁ፣ የጠገኑትን ሲያሳዩ አያለሁ። በጣም የማከብርላቸው ነገር አለ፤ የምጣላቸውም ነገር አለ። ዛሬ ሁለቱንም ላውጣው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ ላልገባው ሰው በመጀመሪያ ኦሲሎስኮፕ ምን እንደሆነ ልናገር። ኤሌክትሪክ አይታይም። ብዙዎቻችን ቴስተር የምንለው መልቲሜትር መጠኑን በአንድ ቁጥር ይነግርሃል፤ «እዚህ ጋ 5 ቮልት አለ» ብሎህ ዝም ይላል። ኦሲሎስኮፕ ግን ያ ቮልት በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ውስጥ እንዴት እንደወጣና እንዴት እንደወረደ መስታወቱ ላይ በብርሃን መስመር ይስልልሃል። የመጀመሪያው «ልጁ ትኩሳት አለበት» የሚል ዘመድ ነው፤ ሁለተኛው ትኩሳቱ በየስንት ሰዓቱ እንደሚነሣ፣ ላቡ መቼ እንደሚመጣ ቁጭ ብሎ ያየ አስታማሚ ነው።

ኦሲሎስኮፕ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ነበረ። ችግሩ ሥዕሉ አይቆምም፤ ይንሸራተታል፣ ይዋልላል። በ1946 ሃዋርድ ቮለምና ጃክ መርዶክ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ፖርትላንድ፣ ኦሬገን ውስጥ ቴክትሮኒክስ የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። በማግስቱ ዓመት 511 የተባለውን ኦሲሎስኮፕ በ795 ዶላር ለገበያ አወጡ። ይህ መሣሪያ ምልክቱ እስኪመጣ ይጠብቅና ሁልጊዜ ከዚያው ነጥብ ተነሥቶ ይስላል፤ ስለዚህ ሥዕሉ ረግቶ ይታያል። አግድሙም ሽቅቡም ልኩ የታወቀ በመሆኑ ደግሞ በመስታወቱ ላይ ያሉትን ካሬዎች ቆጥረህ ጊዜውንም ቮልቱንም ታነባለህ። ማሳያ የነበረው ዕቃ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ ሬዳሩም ሲሠሩ በእንዲህ ያለ መስታወት ፊት አልፈዋል።

ከኦሬገን ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል፣ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ላይ፣ ቢል ሂዩሌትና ዴቪድ ፓካርድ በ1939 አንድ ጋራዥ ውስጥ ኩባንያ መሥርተው ነበር። የመጀመሪያ ዕቃቸው የድምፅ ፍሪኩዌንሲ ማመንጫ ነው። ጀማሪ መሆናቸውን ሰው እንዳይነቃባቸው ስሙን 200ኤ አሉት። (ደረሰኙን ከቁጥር 1 የሚጀምር ነጋዴ እኛም አገር አይገኝም።) በውስጡ ያለው ብልሃት ግን ከስሙ ይበልጣል። ማመንጫው ኃይሉ ከልክ ሲያልፍ ውስጡ ያለች አንዲት ትንሽ አምፖል ትግላለች፤ ስትግል የኤሌክትሪኩን መንገድ ታጠባለች፤ መንገዱ ሲጠብ ኃይሉ ተመልሶ ወደ ልኩ ይወርዳል። ሌሎች በውድ ዕቃ ሲታገሉት የነበረውን ነገር በአምፖል ፈቱት! ዋልት ዲዝኒ በ1940 ለወጣው «ፋንታሲያ» ለተባለው ፊልም 200ቢ የተባለውን ስምንት ገዝቷቸዋል።

ይሄ ታሪክ ነው፤ ሰብሳቢዎቹም በቃላቸው ይዘውታል። የእኔ ጉዳይ ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣ የነበረው መጽሐፍ ነው።

የቴክትሮኒክስንም የሂዩሌት ፓካርድንም መሣሪያ የገዛ ሰው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አብሮ ይደርሰው ነበር። የአጠቃቀሙ ነገር በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» የሚለው ምዕራፍ ነው። ሰርኪዩቱን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ይህኛው ቫኩም ቲዩብ (በድሮ ራዲዮ ውስጥ አምፖል መስሎ የሚቀላው) ለምን እዚህ እንደገባ፣ ያኛው ሬዚስተር ባይኖር ምን እንደሚደርስ ያስረዳል። ቀጥሎ ሙሉው የሰርኪዩት ሥዕል ይመጣል፤ በየነጥቡ ሊገኝ የሚገባው ቮልትና የሞገዱ ቅርጽ ተጽፎበታል። ቀጥሎ የእያንዳንዷ ብሎንና የእያንዳንዱ ካፓሲተር ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ። በመጨረሻም ልኩን መልሶ የማስተካከያው ሥርዓት ደረጃ በደረጃ።

እኔ እነዚህን መጻሕፍት የማነባቸው እንደ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ሳቁብኝ። በዚህ ዘመን ከሚታተመው ድርሰት ስንቱ ነው አንባቢውን እንዲህ የሚያከብር? ደራሲው አንባቢውን አይንቅም፣ አይክበውምም። «አንተም እንደኔ ታስባለህ፤ እኔ ያየሁትን ላሳይህ፤ ቀሪውን ራስህ ትደርስበታለህ» የሚል አነጋገር ነው ያለው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ቃሉ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። እስቲ ዛሬ የገዛችሁትን ዕቃ ካርቶን ክፈቱና ከውስጡ የወጣችውን ቅጠል አንብቡ። በ14 ቋንቋ «አይክፈቱ»፣ በ14 ቋንቋ «ውሃ ውስጥ አይንከሩ»። ያኛው የሚያናግረው ባልደረባውን ነው፤ ይሄኛው የሚያናግረው ጠበቃህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከነገሩ ሁሉ የምወዳት እሷን ስለሆነ። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ የቴክትሮኒክስ ኦሲሎስኮፖች ውስጣቸው ሲከፈት ዕቃዎቹ የተበየዱት በነጫጭ የሸክላ ዘንጎች ላይ ነው። የዘንጎቹ ጥርሶች በብር ተለብጠዋል። በተራ የብየዳ እርሳስ ደጋግመህ ብትበይድበት እርሳሱ ብሩን ያሟሟውና ጥርሱ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይይዝም። ስለዚህ ጥቂት ብር ያለበት ልዩ የብየዳ ሽቦ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ምን አደረገ መሰላችሁ? ያንን ሽቦ በትንሹ ጠቅልሎ መሣሪያው ሆድ ውስጥ አስቀመጠው። ማንም ባይከፍተው ማንም አያየውም። ከስንት ዓመት በኋላ፣ የት አገር እንደሆነ በማይታወቅ ክፍል ውስጥ፣ አንድ የማያውቁት ሰው ካውያውን አግሎ እንደሚመጣ አስበው ነው ያስቀመጡለት። ዛሬም መሣሪያዎቹን የሚከፍቱ ሰዎች ጥቅልሉን እዚያው ቦታው ላይ ያገኙታል።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ይጀምራል። እንዲህ ሆኖ የተሠራን ዕቃ ምን ያደርጉታል?

አንደኛው ዓይነት ሰብሳቢ መስታወት ውስጥ ያስገባዋል። ቀለሙን ያድሳል፣ ቁልፎቹን በጥርስ ብሩሽ ያጸዳል፣ ፎቶ ያነሣዋል፤ አያበራውም። «ቢበራ ይበላሻል» ይላል። ለዚህ ሰው መሣሪያው ቢሞት ይሻለዋል፤ ሬሳ አያስቸግርም። ከእሱ የሚብሰው ደግሞ ቆጣሪዎችንና ዲጂታል ቮልት መለኪያዎችን የሚገነጥለው ነው። በድሮዎቹ ውስጥ ቁጥር የሚያሳዩት ኒክሲ የሚባሉ የመስታወት ቲዩቦች ናቸው፤ ባሮውስ የተባለው ኩባንያ በ1955 ነው ለገበያ ያወጣቸው። በውስጣቸው ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች በሽቦ ተሠርተው አንዱ ካንዱ ኋላ ተደርድረዋል፤ ተራው የደረሰው ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። ያምራል፤ አልክድም። የግድግዳ ሰዓት ሆኖ ደግሞ የበለጠ ያምራል ተባለና ስንቱ በሴኮንድ ውስጥ ያለ ንዝረት ሲቆጥር የኖረ መሣሪያ ለስድስት ቲዩብ ሲባል ተበልቶ ተጣለ። ላሙን አርዶ ምላሱን ብቻ እንደ መብላት ነው። ሰዓትማ ምን ጊዜም ነበረን።

ሦስተኛውን ዓይነት ስነቅፍ ከብዙዎቹ እንደምጣላ አውቃለሁ፤ ይጠግናላና! አሮጌ መሣሪያ በገዛ በማግስቱ ውስጡ ያለውን ካፓሲተር ሁሉ ነቅሎ በአዲስ ይተካል። የተበላሸውንም ያልተበላሸውንም። እርግጥ የድሮ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ይደርቃል፤ ታንታለም የሚባለው ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ሾርት ያደርጋል፤ ከወረቀት የተሠሩት የመስመር ማጣሪያዎች ይሰነጠቁና ቤቱን በጢስ ይሞሉታል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሳይለኩ ሁሉን መቀየር ጥገና አይባልም። ታማሚው ገና «አመመኝ» ከማለቱ መድኃኒት ቤቱን በሙሉ የሚያዝ ሐኪም ታውቃላችሁ? እሱ ነው። መጽሐፉ በየነጥቡ ስንት ቮልት መገኘት እንዳለበት የጻፈልህ እኮ እንድትለካ ነው! የት ጋ ነው ነገሩ የተጣመመው ብለህ ከውጤቱ ወደ ምንጩ ወደ ኋላ እንድትሄድ ነው። ሦስት ቀን ፈጅቶ አንዲት ሬዚስተር የቀየረ ሰው በአንድ ከሰዓት 40 ካፓሲተር ከቀየረው ይልቅ ያንን መሣሪያ ያውቀዋል። የሚቀጥለውንም ያውቀዋል።

ይህንን ነገር ከማንም በተሻለ የጻፈው ጂም ዊልያምስ ነው። በሊኒየር ቴክኖሎጂ ኩባንያ የአናሎግ ሰርኪዩት መሐንዲስ ነበር፤ በ2011 ሞተ። በ1995 በታተመ የመሐንዲሶች የጽሑፍ ስብስብ ውስጥ ስለ መጠገን ጥቅም አንድ ምዕራፍ አለው። በቤቱም በመሥሪያ ቤቱም ይጠቀምባቸው የነበሩት አሮጌ የቴክትሮኒክስ ኦሲሎስኮፖች ብዙዎቹ ተበላሽተው አግኝቶ ራሱ የጠገናቸው ናቸው። መጠገን ትምህርት ቤት ነው የሚለው ሐሳቡ ልክ ነው፤ ልክ የሆነበትን ምክንያት በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የራስህን አዲስ ሰርኪዩት ስትሠራ እንቢ ቢልህ ሐሳቡ ከመነሻው ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ መልስ ላይኖረው ይችላል። የተበላሸ ዕቃ ግን ትናንት ይሠራ ነበር። ስለዚህ መልስ አለ። መልስ እንዳለው እያወቁ መፈለግ ደግሞ ትዕግሥትን የሚያስተምር ልዩ ነገር ነው።

የምነቅፈው አንድ ነገር ነው። የዊልያምስ ዓለም ሲሊከን ቫሊ ነው፤ ፋብሪካ የጣለው መሣሪያ በየመጋዘኑ ተከምሮ፣ መለዋወጫው እዚያው ጎኑ የሚሸጥበት አገር። (ለነገሩ እዚያም እየጠፋ ነው፤ በሰኒቬል የነበረው ዊርድስተፍ የተባለው የታወቀ መጋዘን በ2018 ተዘግቷል።) መጽሐፉና መለዋወጫው ለሌለው ሰው መጠገን ምን እንደሚመስል ከእንዲህ ካለ ሠፈር ሆኖ መጻፍ ይከብዳል። ዊልያምስ ሲሞት ማውንቴን ቪው ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም የሥራ ጠረጴዛውን ከነዝርክርኩ፣ ከነሽቦው፣ ከነመሣሪያው አንሥቶ ለእይታ አቀረበው። በአክብሮት ያደረጉት ነው፤ ይገባኛል። ቢሆንም የጠጋኝ ጠረጴዛ ማንም እጁን እንዳያስገባበት ተደርጎ ሲቆም ደስ አይለኝም። በፖርትላንድ አካባቢ ያለው የቴክትሮኒክስ መሣሪያዎች ሙዚየም ለእኔ ይሻለኛል፤ አብዛኞቹ የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኞች የሆኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚያስተዳድሩት፣ መሣሪያዎቹንም እየጠገኑ ያበሯቸዋል።

አሁን ደግሞ «የድሮ ዕቃ ድሮ ቀረ!» እያሉ ደረት ለሚመቱት አንድ ሁለት ቃል። አልቀረም። ዛሬ አንዲት ከሦስት ኪሎ የማትበልጥ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ያ 30 ኪሎ የሚመዝነው የማያያትን ታያለች፣ ያየችውንም ታስታውሳለች። የድሮው ውስጥ ወደ 10 ሺህ ቮልት አለ፤ ይገድላል። ከአንዳንዶቹ ካፓሲተሮች የሚፈሰው ዘይት መርዝ ነው። ያ መጽሐፍም ቢሆን ከደግነት ብቻ አልተጻፈም። በ1947 795 ዶላር ማለት የአዲስ መኪና ግማሽ ዋጋ ገደማ ነው። ያን ያህል የከፈለ ደንበኛ፣ እሱም መሐንዲስ፣ ዕቃው በተበላሸ ቁጥር ወደ ፖርትላንድ ጭኖ እንዲልክ ቢጠየቅ አይገዛም። ኩባንያው ዕውቀቱን የሰጠው ዕቃውን ለመሸጥ ነው። ምንም ነውር የለበትም።

ከዚያ ምን ሆነ? ዕቃው እየረከሰ፣ የቴክኒሻን ደሞዝ እየጨመረ ሄደ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ከሚጠግነው አዲስ ቦርድ መለወጥ ረከሰ፤ ቀጥሎም ዕቃውን በሙሉ መለወጥ ረከሰ። መጽሐፉ ቀጠነ። የሰርኪዩቱ ሥዕል ወጣ፤ ማስረጃው ቀረ፤ «ለጥገና ወደ ተፈቀደለት ማዕከል ይውሰዱ» የሚለው ብቻ ተረፈ። ይህንን ሁሉ ሰው የሚናገረው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ውሃ ወደ ታች እንደሚወርደው። ሒሳቡ ግን የተሠራው በማን ደሞዝ ነው? በአሜሪካና በጀርመን ቴክኒሻን ደሞዝ ነው። እኛ ጋ እኮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው! የሰው ጊዜ ርካሽ፣ ዕቃው ውድ፣ ዶላሩ ከሁሉም ውድ። በእኛ ሒሳብ መጠገን ያዋጣ ነበር፤ ዛሬም ያዋጣል። ሆኖም ያ መጽሐፍ የቀረው ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ጭምር ነው። የሌላ ሰው ሒሳብ ነው የተወራረደብን።

እንዲያውም ባሰበት። ከ1980ዎቹ ወዲህ የመሣሪያው ልክ በብሎን ማስተካከያ መሆኑ ቀርቶ በሜሞሪ ውስጥ የሚቀመጥ ቁጥር ሆነ። ቴክትሮኒክስ 2465ቢ የሚባል እጅግ የተመሰገነ ኦሲሎስኮፕ አለው። በኋላ ከተሠሩት ውስጥ የልኩ ቁጥሮች የተቀመጡበት ቺፕ ባትሪው አብሮት በፕላስቲክ ተደፍኗል። ባትሪው ያረጃል። ባትሪው ሲሞት መሣሪያው ምንም አካሉ ሳይጎድል ራሱን ይረሳል፤ ይበራል፣ ይስላል፣ ልኩን ግን አያውቀውም። እዚህ ላይ ሰብሳቢዎቹን አወድሳለሁ። ባትሪው ሳይሞት ቁጥሮቹን ገልብጠው ባትሪ በማይፈልግ ቺፕ ላይ የሚያሰፍሩበትን ዘዴ ያገኙት እነሱ ናቸው። ያገኙትንም ለማንም ሰጥተዋል። የድሮዎቹን መጻሕፍት ገጽ በገጽ እየቀዱ ያዳኑትም እነሱ ናቸው። መስታወት ውስጥ ከደረደሩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ ሌላው ሁሉ ቢቃጠል ይህ ከቀረ ይበቃል።

«ታዲያ ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 ድሃ አገሮች ከ112 ሺህ በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ አይቶ ነበር፤ 38 ከመቶ የሚሆነው አገልግሎት አይሰጥም። ለዚህ የተጠቀሱት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሥልጠና፣ የአስተዳደርና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። መጽሐፍ ስለጠፋ ብቻ ነው አልልም፤ ጥናቱም አላለም። ግን አንድ ቴክኒሻን በምን ይሠልጥን? የሰርኪዩት ሥዕል በሌለው ዕቃ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ማጥናት ብቻ ነው። የሆስፒታሉ መሣሪያ ሲቆም ደግሞ የሚቆመው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ነው።

በውጭ አገር ሕግ መውጣት ጀምሯል። የኒውዮርክ ግዛት በ2022 መጨረሻ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብት የሚባለውን ደንግገዋል። የቴክትሮኒክስ አገር ኦሬገንም በ2024 ሕጓን አወጣች፤ አምራቹ መለዋወጫውን በሶፍትዌር ቆልፎ ሌላ ሰው ሲገጥመው እንቢ እንዲል ማድረግን ከልክላለች። ደግ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚናገሩት ስለ ስልክና ስለ ቤት ዕቃ ነው፤ የኒውዮርኩ የሕክምና መሣሪያን ጭራሽ አያካትትም። ስልኬን ልጠግን ነው፤ ሰው የሚተኛበትን ማሽን ግን አልችልም።

ወደ ራሳችን ጓዳ ልመለስ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየኝ) ያረጁ ንብረቶቹን በሐራጅ ሲያስወግድ አንድ የማውቀውን ቴክኒሻን ተከትዬ ሄጄ ነበር። 60 ዓመት አልፎታል፤ ዕድሜውን በሙሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መሣሪያዎቹ በግቢው ጥግ ከተሰበረ ወንበርና ከቆርቆሮ ጋር ተከምረዋል። ሁለት ኦሲሎስኮፕ ነበረ፤ አንዱ ከነመክደኛው። የሚሸጡት በኪሎ ነው።

«ጋሼ፣ መጽሐፋቸው የለም ወይ?» አልኩት።

«እሱንማ ጠይቄያለሁ» አለኝ። «ወረቀቱ ቀደም ብሎ ተወግዷል አሉ። በሌላ ኮሚቴ።»

በሌላ ኮሚቴ! ዕቃው በአንድ ቃለ ጉባኤ፣ ዕውቀቱ በሌላ ቃለ ጉባኤ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መመሪያው «አገልግሎት የማይሰጥ» ይላል፣ እሱም አገልግሎት የማይሰጠውን አስወገደ። አገልግሎት የማይሰጠው ግን ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። አንዲት ፊውዝ ልትሆን ትችላለች። ከጨረታው በፊት አንድ ቴክኒሻን አንድ ሳምንት ቢያያቸው ምን ይጎድል ነበር? መቼም ቆራሌው አንድ ሳምንት ቢጠብቅ አይከፋውም። ከምናለሽ ተራ ሰዎች ቀድሞ ተሰልፎ የነበረው የብረት ነጋዴ ኦሲሎስኮፑን በእግሩ ገፋ አድርጎ «መዳብ አለው?» ብሎ ጠየቀ። አለው፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ።

ቴክኒሻኑ መክደኛ ያለውን በብረት ዋጋ ወሰደ። ሌላው ለመዳቡ ሲባል ሄደ።

ቤቱ ወስዶ ከፈተው። ወዲያው አላበራውም፤ እንደ ደንቡ መጀመሪያ አሸተተ፣ የተቃጠለ ነገር እንዳለ ለማየት። ከዚያ ለካ። የኃይል ክፍሉ አንደኛው መስመር ዝቅ ብሏል፤ ግን ስንት መሆን እንደነበረበት የሚነግረው የለም። ሰብሳቢዎቹ ቀድተው ካስቀመጡት መጻሕፍት ውስጥ የዚያን ሞዴል አገኘሁለትና አሳትሜ ሰጠሁት። በመነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር ደርቦ የሰርኪዩቱን ሥዕል በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ግማሽ ሰዓት ያህል አላናገረኝም። በኋላ ቀና ብሎ «እነዚህ ሰዎች የሚያስተምሩ ናቸው» አለ፤ ስለ ካፓሲተሩ ከመናገሩ በፊት።

መሣሪያው ዛሬ ይሠራል። ሥራ ስለሚበዛበት ግን አንደኛው የሸክላ ጥርስ መላላት ጀምሯል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው የብር ጥቅልል ደግሞ ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ ሰው ጨርሶታል፤ ባዶው ብቻ ነው ያለው። ከአሜሪካ የምትመጡ ዘመዶች ሻንጣችሁ ላይ ቦታ ካላችሁ፣ 3 ከመቶ ብር ያለበት የብየዳ ሽቦ ነው የሚፈልገው። ክብደቱ ከአንድ እሽግ ሻይ አይበልጥም።